የዘንገናው ምሰሶ አልላቀቅ ሲል

እኛ አገር ብቻውን የሚታገል ሰው ማየት ከፈለጋችሁ ቀላል ሥራ የያዘ ሰው ፈልጉ። ከባድ ሥራ የያዘማ መች ብቻውን ይተዉታል? በተለይ አንድ ነገር ተጣብቆ አልላቀቅ ያለ እንደሆነ የሚጠፋው ረዳት ሳይሆን መቆሚያ ቦታ ነው። መኪና ጭቃ ውስጥ ይሰንቀር፣ ቁልፍ በር ላይ ነክሶ ይቅር፣ አላፊ አግዳሚው ጋቢውን አጣፍቶ ይከብባል። ምክር ደግሞ እንደ እንጅባራ ዝናብ ነው፤ ማን እንዳዘነበው አይታወቅም፣ የሚበሰብሰው ግን ይታወቃል።

እኔ የበሰበስኩት ዘንገና ሐይቅ ዳር ነው።

ሥራዬ መድኃኒት ቤት ነው፣ እንጅባራ። ከባሕር ጋር ያለኝ ዝምድና ለመንገደኛ የማቅለሽለሽ ክኒን ከመሸጥ አያልፍም። አስማማው የሚባል አብሮ አደጌ ግን ባሕር ዳር ጀልባ ይጠግናል። አንድ ቀን ደወለና ትንሽ ባለሸራ ጀልባ እጁ እንደገባች፣ ባለቤቷ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶለት እንደሄደ፣ ቅዳሜና እሁድ ዘንገና አምጥቶ ሊሞክራት እንዳሰበ ነገረኝ። እኔም ለወሬ ያህል ለአክስቴ አወራሁ። ስህተት ነበር ብላችሁ ነው? እንጃ።

አክስቴ እትዬ እንጉዳይ ዘንገናን ቁልቁል ከሚያየው ጉብታ ላይ ተወልደው፣ እዚያው ተድረው፣ እዚያው ሸብተዋል። ዕድሜ ልካቸውን ያን ውሃ ሲያዩ ኖረው አንድም ቀን እግራቸውን ነክረውበት አያውቁም። የጀልባውን ወሬ ሲሰሙ፣ "ከመሞቴ በፊት ቤቴን ከባሕሩ ላይ ሆኜ ማየት እፈልጋለሁ" አሉ። ቀልድ መስሎኝ "እሺ" አልኳቸው። ሳምንት ሳይሞላ ለማኅበራቸው ተናግረዋል፣ ለግምጃ ቤት ከተማ ገበያተኛ ተናግረዋል፤ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ባሕር እንደሚገቡ ያልሰማ አልነበረም። "በስተርጅና ምን ነካቸው?" ያሉም አልጠፉም። እሳቸው ይህን ሰምተዋል። እንግዲህ ነገሩ የመዝናኛ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የክብር ጉዳይ ሆነ።

ቅዳሜ ጀልባዋ በአይሱዙ ተጭና መጣች። ምሰሶዋ ረጅም ስለሆነ ለጭነት እንዲመች ከሁለት የአሉሚኒየም ቱቦ የተሠራ ነው፤ ቀጭኑ ወፍራሙ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ሸራው እንደ እጀ ጠባብ ከላይ ይጠለቅለታል። ቀጭኑን ከተትነው። ግማሽ መንገድ ሄደና ቆመ። ገፋነው፣ አልገባም። ሳብነው፣ አልወጣም። ለካ አሸዋ ይዞ ገብቷል። እንዲህ ግማሹ ውጭ ቀርቶ ደግሞ ሸራው አይደርስለትም፤ ጀልባዋም ያለ ሸራ ገበታ ናት። ቱቦውን ሳይጠርግ የከተተው ማነው? አስማማው እኔን ይላል፣ እኔ አስማማውን እላለሁ። እትዬ እንጉዳይ ሁለታችንንም አይተው፣ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ከዚያ መካሪው ተሰበሰበ። አንዱ በመዶሻ ምቱት አለ። አንዱ ዘይት አፍስሱበት አለ፤ አፈሰስንበት፤ ምሰሶው ሳይላቀቅ የእኛ እጅ ተላቀቀ። አንድ ሽማግሌ ተዉት፣ ሲሰለቸው ራሱ ይወጣል አሉ። ክርክሩ ሲጠና ሁሉም ወደ አገውኛ ገባ፤ ያኔ ነገሩ ከቀልድ ማለፉ ገባኝ። ቀጥሎ ጎበዛዝት በሁለት ወገን ተሰልፈው ገመድ ይጎትቱ ጀመር። ችግሩ፣ ጉተታው ወዲያው የላይኛው መንደርና የታችኛው መንደር ግጥሚያ ሆነ፤ ምሰሶውን ያስታወሰው የለም። የላይኛው መንደር አሸንፎ ምሰሶውንም የታችኛውን መንደርም ጎትቶ ግጦሹ መሀል አደረሳቸው።

በመጨረሻ የአክስቴ ጎረቤት አያ ካሳ ሁለት ፈረሶች ይዘው መጡ። አዊ ውስጥ ፈረስ ያልገባበት ጉዳይ ገና እንዳልተጀመረ ይቆጠራል። ደግ ሰው ናቸው፤ ማንም ሳይለምናቸው ነው የመጡት። አንዱ ፈረስ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ታሰረ። እንዲጎትቱ ሲነገራቸው ግን ፈረሶቹ ተያዩና፣ ሁለቱም ዞረው ወደ ቤታቸው ጉዞ ጀመሩ። ምሰሶውም አብሯቸው ሄደ። አስማማው ራሱን ይዞ ረግረጉን እየቦጨረቀ ተከተላቸው። ከአያ ካሳ በር ላይ ስናገኘው ምሰሶው አንድ ጣት እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ያየው ሁሉ "ጠንካራ ዕቃ ነው" ብሎ አመሰገነው።

እሁድ ቅዳሴ ወጣ። ሕዝቡ ነጠላውን እንዳደገደገ በሐይቁ ዳር ተሰለፈ። እትዬ እንጉዳይ ጃንጥላ ይዘው፣ የላስቲክ ጫማ ተጫምተው መጡ።

"ደረሰ?" አሉኝ።

"አልደረሰም፣ እትዬ። ራሴን አሞኛል ይበሉና ሰዉን እንበትነው።"

"እኔ ራሴን አሞኝ አያውቅም፤ ዛሬም አይጀምረኝም" አሉ። የተሰበሰበውን ሰው በዓይናቸው ቃኙ። አፋቸው ያን ይበል እንጂ ጃንጥላውን ዝቅ አድርገው ፊታቸውን ከሰዉ ከለሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አንተ ልጅ፣ መድኃኒት ቤትህ ጠርሙስ አልከፈት ሲልህ በፈረስ ነው የምታስጎትተው?" አሉኝ።

ቆምኩ። በፈረስ አላስጎትትም። የመስታወት ክዳን ነክሶ የቀረበት ጠርሙስ ሲገጥመኝ አንገቱን በሙቅ ውሃ አሞቀዋለሁ፤ ክዳኑን ሳይሆን አንገቱን። የውጭው ሲሞቅ ይሰፋል፣ የውስጡ እንዳለ ይቀራል። ከዚያ አልስብም፤ እጠመዝዛለሁ። ይህን ስንት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ዕቃው ከክንዴ ሲረዝም ግን ዕውቀቴ አብሮኝ አልረዘመም ነበር።

የአያ ካሳ ባለቤት በትልቅ ድስት ውሃ አፈሉ። የወፍራሙን ቱቦ አፍ በአሮጌ ጨርቅ ጠቀለልንና የፈላውን አፈሰስንበት። ቀጭኑን ደግሞ በዘንገና ውሃ በተነከረ ጨርቅ እናሸው ጀመር፤ የዘንገናን ቅዝቃዜ የቀመሰ ያውቀዋል። በሁለቱም ቱቦ ላይ ቀርቀሃ በጠፍር ጥርቅም አድርገን አሰርን፣ እንደ መዘውር። አንዱን አስማማው፣ አንዱን አያ ካሳ ያዙ።

"አትሳቡ፤ ጠምዝዙ" አልኩ።

ጠመዘዙ። ምንም የለም። ሌላ ድስት መጣ። ጠመዘዙ። ከዚያ የሆነች ድምፅ ሰማሁ፣ አይጥ ጣራ ላይ እንደምታሰማው ያለች ቀጭን ሲጥታ።

"ዞረ" አሉ አያ ካሳ፣ በሹክሹክታ፣ ምሰሶው ሰምቶ ሐሳቡን እንዳይቀይር ይመስል።

ወዲያና ወዲህ አዟዟሩት፤ አሸዋው እየተፈጨ ይረግፍ ጀመር። በስተመጨረሻ "ጧ" ብሎ ወጣ። አስማማው ቀጭኑን ቱቦ እንዳቀፈ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። እልልታው ቀለጠ። እኔ ምን አደረግሁ? ድል ያደረገ ሰው እንደሚያደርገው እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ነገሩን ከመጀመሪያም እንደማውቀው ሆኜ ቆምኩ።

ቱቦውን ጠርገን ገጠምነው፤ አሁን እስከ መጨረሻው ገባ። ሸራው ተጠለቀ። ለእትዬ እንጉዳይ የመንሳፈፊያውን ሰደርያ በነጠላቸው ላይ አጥልቀንላቸው አስማማው መሪውን ያዘ፣ እኔ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ነፋስ ከዛፎቹ ሽንቁር መጣና ሸራውን ነፋው። እሳቸው መጀመሪያ የጀልባዋን ጠርዝ ጨምድደው ጸሎት ያደርሱ ነበር፤ ኋላ አንድ እጃቸውን ለቀቁ፤ ኋላ ሁለቱንም።

መሀል ስንደርስ፣ "አዙረኝ" አሉት አስማማውን። ቤታቸው ጉብታው ላይ ትታያለች። ረጅም ጊዜ አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ምኞት ሲሞላ አጠገብ መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም።

ዳር ስንወጣ ሰው ከበባቸው። እንዴት ነው፣ ምን አዩ?

እትዬ እንጉዳይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ጫማቸውን አውልቀው ውሃውን ደፉ። ከዚያ፣ "የድንበራችንን አጥር አየሁት" አሉ። "ከቤቴ ሆኜ ሳየው ቀጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። ከባሕሩ ላይ ሲታይ ግን መሀሉ ላይ ሆዱን ወደ እኔ ግቢ ነፍቷል።"

ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ዞሮ አያ ካሳን አየ። እሳቸው የጠመዘዙበትን ቀርቀሃ ገና አልጣሉም። ትንሽ ቆይተው ወደ እኔ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ዶክተር፣ ይቺ ጀልባ መቼ ነው የምትመለሰው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ዛሬውኑ" አልኳቸው።

አይሱዙው ሲመጣ፣ ከሰው ሁሉ ቀድመው የጀልባዋን ጫፍ ለጭነት ያነሡት እሳቸው ነበሩ።