ክቡር ቀጥ በል

የሰውን ጀርባ ሳይመረምር ፊቱን የማያይ ፍጡር በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይታጣም። ለእኛ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል የደረሱን አራሚያችን ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የጎበጠ ዓረፍተ ነገር ሲያቃኑ ኖረው፣ ወገባቸውን አሟቸው በዳኑ ማግስት ወደ ጎበጠ ሰው ዞሩ። ማዕረጋቸውም ከዚያ ወዲህ «ክቡር ቀጥ በል» ሆነ።

ሰላምታቸው እንኳ እንደ ሰው አይደለም። «እንዴት አደርክ?» የለ፣ «ቤተሰብ ደህና?» የለ። «ትከሻ!» ብቻ።

ከሸሚዛቸው ሥር የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ ጀርባቸው ላይ ለጥፈዋል። ጎበጥ ሲሉ ዝዝዝ ትላለች፤ እሳቸውም ወሬያቸውን አቋርጠው እንደ ወታደር ቀጥ ይላሉ። አንድ ቀን ዋና አዘጋጁ ስብሰባ ላይ ሲቆጡን ጮኸች።

«ስልክ ዝጉ አላልኩም?»

ክቡርነታቸው ተነሡ። «ስልክ አይደለም፤ ወገቤ ነው። እርስዎም ቢለጥፉ አይጠሉም፤ አንገትዎ ወደ ፊት ወጥቷል።»

በምሳ ሰዓት ደግሞ ግድግዳ አስደግፈው፣ እጃችንን ሽቅብ አሰቅለው የጀርባ ጡንቻ ያሠሩናል። አንዴ አዲሱ ጥበቃ በሩን ሲከፍት ጸሐፊዋ፣ ፎቶ አንሺውና እኔ እጃችንን ሰቅለን ግድግዳ ላይ ተለጥፈናል፤ ክቡርነታቸው ማስመሪያ ይዘው ፊታችን ይንጎራደዳሉ። ምስኪኑ ዱላውን ጥሎ እጁን ሰቀለ።

«ጌታዬ፣ የልጆች አባት ነኝ!»

«የልጆች አባት ከሆንክማ ክርንህን ግድግዳው ላይ አስነካ!»

እኔ የአመፀኞቹ አለቃ ነበርኩ። ዞር ሲሉልኝ እንደ ቀንድ አውጣ ጥቅልል እላለሁ። ታዲያ አንድ ጠዋት ቀኝ እጄ ደንዝዞ ብዕር አልይዝ አለኝ። ሐኪሙ ጣጣው ከአንገቴ እንደሆነ ነግሮኝ፣ «የአንገትና የጀርባ እንቅስቃሴ በየቀኑ ካልሠራህ መጻፉን እርሳው» አለኝ። ከመጻፍ ሌላ ሙያ የለኝም።

ክቡርነታቸው ሲሰሙ «ብዬህ አልነበር?» ይሉኛል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። አላሉም። ኮታቸውን አውልቀው አጠገቤ ግድግዳው ላይ ተለጠፉ።

«አብረን ነው። ቀስ በል» አሉኝ።

ክረምቱን ሙሉ የምሳ ሰዓታቸውን እኔው ላይ ጨረሱት። ጽሑፌንም እየነገርኳቸው ይጽፉልኝ ነበር፤ እርግጥ ነው፣ ግማሹን ሳይጠይቁኝ ይሰርዙታል።

እጄ ዳነ። በዚያው ሰሞን ግን እሳቸውን ላይኛው ፎቅ፣ መጻሕፍት ክፍል አዛወሯቸው። ነፃ ወጣን! እንደ ልባችን ጎበጥን፣ ወንበር ላይ ተዘረርን። መጀመሪያ ዓለም ነበር። እየቆየ ግን ክፍሉ ጭር አለብኝ። ጠዋት ስገባ የሚቆጣኝ ሰው አጣሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቃል ላጣራ በሚል ሰበብ ወደ ላይ ወጣሁ። በራቸው ጋ ስደርስ ሆን ብዬ ትከሻዬን ጣልኩ፣ አንገቴን ደፋሁ፤ ቁጣ ፍለጋ እየተጎተትኩ ገባሁ።

ክቡርነታቸው በመነጽራቸው አናት ከላይ እስከ ታች ቃኙኝ። ከዚያ ወንበር ሳቡልኝ።

«ውሸትህን ነው» አሉ። «የምሩን የጎበጠ ሰው እንዲህ አይራመድም። ከናፈቅኩህ ዝም ብለህ አትገባም?»