ሶልቦርግ መጽሐፍ የሰጠችህ ቀን

በዚህ ዓለም የሚያስፈራ ነገር ሞልቷል። መብረቅ አለ፣ የጥርስ ሐኪም አለ፣ የየካቲት ባሕር አለ። ከሁሉም የሚብሰው ግን የወደደውን መጽሐፍ በግድ ሰጥቶህ፣ አንብበኸው እንደሆነ ከፊትህ ላይ ሊያነብ የሚሞክር ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ከተማ የለም። በሰሜን አይስላንድ፣ በባሕር ወሽመጡ ጥግ ለተወሸቅነው ለእኛ የደረሰችን ሶልቦርግ ናት።

በአገራችን ማዕረግ የለም፤ ሚኒስትሩንም ፖስተኛውንም በስሙ ነው የምንጠራው። ለእሷ ስንል ግን ልማዱን አፍርሰን “ክብርት ሶልቦርግ፣ የመጻሕፍት ሐዋርያ” ብለን ሾመናታል። በሌለችበት ነው ታዲያ።

ክብርትነቷ የከተማው መዋኛ ትኬት ቆራጭ ናት። ይህን ወንበር ለእሷ መስጠት ትልቅ ጥፋት ነበር፤ ፎጣ ብቻ ያገለደመ ሰው ወዴት ያመልጣል? ስትገባ “የት ደረስክ?” ትልሃለች። ስትወጣ፣ ጸጉርህ እየተንጠባጠበ፣ “በሩን ሲያንኳኳ ደረስክ? አልነግርህም። አይ፣ አልነግርህም” ትላለች፤ ከዚያ ትነግርሃለች። ዳቦ ጋጋሪያችን አንድ ክረምት ሙሉ ወደ መዋኛው ዝር ያላለው መጽሐፉን ስላልጨረሰ ነው ይባላል።

በገና ዋዜማ መጽሐፍ መሰጣጠት፣ ተሰጣጥቶም አልጋ ውስጥ ገብቶ ማንበብ ደንባችን ነው። ሶልቦርግ በየዓመቱ አንድ መጽሐፍ ትመርጥና ያንኑ አንዱን ለምትወደው ሰው ሁሉ ታድላለች። ዘንድሮ የመረጠችው ሁለት ወንዶች የሚፋቀሩበትን የገና ልብ ወለድ ነበር። አንዱ የእንስሳት ሐኪም ነው፣ ሌላው የመዘምራን መሪ። በረዶ መንገዱን ይዘጋባቸውና አንድ አልጋ ብቻ በተረፈበት ማረፊያ ያድራሉ።

“ግድያ የለበትም፣ ሌባ የለበትም” እያለች ሰበከችን። “ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ቀስ እያልክ ታውቃቸዋለህ፤ ካወቅካቸው በኋላ አለቀልህ።” ራሷም አልቆላት ነበር። እንዳይለያዩ እየፈራች፣ የሚመጣውን መስመር በመዳፏ ሸፍና፣ በጣቶቿ መካከል እያጮለቀች ነው ያነበበችው። ሐኪሙ ሻንጣውን ያነሣ ዕለትማ መጽሐፉን ዘግታ ግቢውን ሦስቴ ዞረች። ታርቀው ስታገኛቸው ትኬት ሊቆርጥ የመጣውን መንገደኛ አቀፈችው።

በዚህ ስካር ውስጥ ሆና ነው ለወንድሟም አንዱን የጠቀለለችለት።

ወንድሟ ቶርጊልስ የዓሣ ጀልባ መሪ ነው። ከጀልባው የሞተር ሠራተኛ ከኤዮልፉር ጋር በአንድ ቤት መኖር ከጀመሩ ወዲህ የከተማው ልጆች አድገው ልጆች ወልደዋል። አብረን የምንኖረው የቤት ማሞቂያ ወጪ ለመቆጠብ ነው ይላሉ፤ ያውም ፍል ውኃ ከመሬት በሚንዠቀዠቅበት አገር። ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ከተማው ሁሉ ዝም ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ የአጎታቸው ልጅ ኬቲል በድግስ መካከል “እናንተ፣ ሠርጋችሁ መቼ ነው?” አለ። ቶርጊልስ ሹካውን አስቀመጠ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ኬቲልን አላነጋገረውም። ኬቲል ሲቀበርም ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ነው የሸኘው።

ይህ ሁሉ ሶልቦርግን ትዝ ያላት በዋዜማው፣ ሁለቱ እሷ ቤት ለራት ከተቀመጡ በኋላ ነው። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፣ በሬዲዮ ደወሉ ተደወለ፣ የታጨሰው የበግ ሥጋ ተበላ፣ ስጦታው ተከፈተ። ቶርጊልስ መነጽሩን አድርጎ የመጽሐፉን ጀርባ ሲያነብ ከንፈሩ ቀስ እያለ ይንቀሳቀስ ነበር። ኤዮልፉር ሽፋኑን አየና እንደ ቀይ ሥር ቀላ፤ ድንቹ ከሹካው ላይ ወደቀ።

ለሶልቦርግ እስከዚያች ደቂቃ መጽሐፉ ስለ ሐኪሙና ስለ መዘምራን መሪው ነበር። አሁን ግን ሰም ለበስ ነገር ሆኖ ታያት፤ ዕድሜ ልኳን ውጣ የኖረችውን ነገር በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልላ፣ በሪባን አስራ፣ ለወንድሟ በምግብ ጠረጴዛ ላይ ሰጥታዋለች። የኬቲል ጥያቄ ከዚህ በምን ይለያል?

“አመሰግናለሁ” አለ ቶርጊልስ። ቡናውን ሳይጠጣ ሄደ።

ገናው ለእሷ ገና አልሆነም። ስልኩ አልጮኸም፤ እሷም ለመደወል እጇ አልታዘዛትም። ሌላ ወንድም የላት፣ ሌላ እህት የላት፤ በበዓል ማዕዷ ዙሪያ የሚቀመጡት እነዚያ ሁለቱ ብቻ ናቸው። መስኮቱ በነፋስ ሲንኳኳ እንኳ “መጥቶ ሊመልሰው ነው” እያለች ትበረግጋለች።

የፈሩት ይደርሳል። ከበዓሉ በኋላ የመጻሕፍት መደብሩ በተከፈተ ዕለት፣ ያልወደደውን ወይም የተደረበበትን ሊለውጥ ሰው ተሰልፎ ነበር። ሁሌም ሽፋኑ ላይ የመለወጫ ምልክት ይለጠፋል፤ መጽሐፉ ካልተነካ ማንም መልሶ ሌላ ይወስዳል። ሶልቦርግ በበሩ ስትገባ ኤዮልፉር ከሰልፉ መካከል ቆሟል፤ በብብቱ ሥር የእሷ መጽሐፍ አለ። ክብርትነቷ ከቀን መቁጠሪያዎቹ መደርደሪያ ጀርባ ተሸሸገች። ወጥቶ እስኪሄድ ትንፋሽዋን ዋጠች።

በማግስቱ ሁለቱም ወደ መዋኛው መጡ። ትኬት ቆረጠችላቸው። “የት ደረስክ?” አላለችም፤ ከትኬቱ ላይ ቀናም አላለች። እኛ ከፍል ውኃው ገንዳ ውስጥ ሆነን ይህን ስናይ ሰው የሞተ መሰለን።

ጥቂት ቆይታ ግን አላስቻላትም። የውኃውን ሙቀት የምትለካ መስላ ቴርሞሜትሯን ይዛ መጣች። ቶርጊልስ ከእኛው መካከል እስከ አንገቱ ጠልቋል፣ ራሱ ላይ በረዶ ይዘንባል። ኤዮልፉር ከጎኑ ነው።

“ሶላ” አለ ቶርጊልስ፣ ስሟን አሳጥሮ።

“ወዬ።”

“ያ መጽሐፍሽ። የጻፈው ሰው ስለ በግ አንድ ነገር አያውቅም። በግ እንደዚያ ሆና አትወልድም።”

“አትወልድም” አለች። ከዚያ ፍርሃቱ ራሱ አስለፈለፋት። “ለዚህ ነው የመለሳችሁት?”

“ሁለት ሆኖብን ነዋ። ይኼ ሰውዬ ያንኑ መጽሐፍ ገዝቶልኝ ኖሯል። አንቺ ቤት ሲያየው በድንጋጤ ድንቹን ጣለው። የእሱን እንመልስ እንዳንል ደግሞ ከመጠቅለሉ በፊት ተደብቆ አንብቦ ግሪስ አስነክቶታል፤ ማን ይቀበለዋል? ስለዚህ ያንቺ ሄደ።” ፊቱን በመዳፉ አበሰ። “ስለ መስኮቱ ግን ልክ ነው።”

“ስለ የቱ መስኮት?” አለች የዓሣ ገበያዋ አሮጊት፣ ስቴንቮር። ወሬ አያመልጣትም።

“ሐኪሙ በማዕበል መስኮት ከፍቶ ካልተኛ አይሆንለትም፤ ያኛው ተነሥቶ ይዘጋል። እኛም እንደዚሁ ነን። እኔ እከፍታለሁ፣ ይኼ ይዘጋል። ዕድሜያችንን በዚህ ጨረስነው።”

ቶርጊልስ ያን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ከአፉ አውጥቶ አያውቅም። ዓይኑን አሻግሮ ተራራው ላይ ተክሏል፤ የመንጋጋው አጥንት ሲንቀሳቀስ ይታያል። የባሕር ማዕበል የማያስፈራው ሰውዬ እንደ እህቱ ፈርቶ ነበር፤ ኮቱ ደግሞ ሩቅ ነው።

“የእኔም ዘጊ ነበር” አለች ስቴንቮር። “ዘጊ አይታረምም፣ አትልፋ። እኔ የተገላገልኩት ሲሞት ነው።”

“ይበርደኛላ” አለ ኤዮልፉር፣ ቀስ ብሎ።

ዳቦ ጋጋሪው ቀድሞ ሳቀ፤ ከዚያ ሁላችንም። ቶርጊልስም ከአፍንጫው አንድ ነገር አሰማ፤ እሱን ለሚያውቅ ሳቅ ነው።

ሶልቦርግ ቴርሞሜትሩን ውኃው ውስጥ ለቀቀችውና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ በሥራ ልብሷ፣ ከገንዳው ጠርዝ ላይ በበረዶው ቁጭ አለች። ፊቷ ርሷል። እኛም የሰውን ነገር ባለማየት የሠለጠንን ሕዝብ ስለሆንን፣ እንፋሎቱ ነው ተባባልን፤ ተጠጋግተንም እግሯን የምትከትበት ቦታ ለቀቅንላት።