የታጠረው የዱር አተር

አጥር የሚባል ነገር ላይ ቂም ይዣለሁ። ቆይ፣ አትሳቁ፣ ልንገራችሁ።

መካነ ሰላም ላይ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። የአተር አበባ ሰሌዳ ላይ ስስል ብታዩኝ! አንዱ ቅጠል ከላይ እንደ ባንዲራ ቀጥ ያለ፣ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ እንደ ክንፍ፣ ሁለቱ ከታች ተጣብቀው እንደ ታንኳ። ታዲያ አንድ ቀን ሐያት የምትባል ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ግን አበባውን ከፍተው አይተውት ያውቃሉ?» አትለኝም? አላየሁም። ስለዚህ ከክፍል አስወጣኋት።

አዎ፣ አስወጣኋት። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ይህችው ሐያት አደገችና ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዕፅዋት ማጥናት ጀመረች። አምና መስከረም ላይ ከከተማው በላይ ካለው ጋራ፣ ከገበያው መንገድ ዳር፣ አንድ እግር የዱር አተር አገኘችና እኔን እየጎተተች ወስዳ አሳየችኝ። ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ነው። ግንዱ ጠጉራም ነው። ጫፉ ላይ ባሉት ጠምዛዛ ክሮች ቋጥኙን ይዞ ሽቅብ ወጥቷል። ሐያት አንዱን ሐምራዊ አበባ በጥፍሯ ከፈት አደረገችው። ባንዲራው አለ! ክንፎቹ አሉ! ታንኳውም አለ! ምን እደብቃችኋለሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንባዬ መጣ።

«ቲቸር፣ ያለ ደረቅ ፍሬ ምንነቱ አይለይም» አለችኝ። ከሚታወቁት አንዱ ይሁን ሌላ ዝርያ፣ የሚነግራት ፍሬው ከነቅርፊቱ ነው። ፍሬ ካላገኘች ደግሞ መምህራኗ አተሩን ከመመረቂያ ጽሑፏ ሊሰርዙባት ነው። ኅዳር ላይ እስክትመለስ እንድጠብቅላት ለመነችኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «አብሽሪ!» አልኳት። ያንን የክፍሉን ነገር የምክስበት ቀን መጣ ብዬ ነዋ።

በማግስቱ የግራር እሾህ ተሸክሜ ወጣሁ። ዙሪያውን አጠርኩት፣ በር አበጀሁለት፣ ኮተኮትኩት፣ ድጋፍ እንጨት ተከልኩለት፣ ቀይ ክርም አሰርኩበት። እዚያው ጋራው ሥር የሚኖሩት እትዬ ዘሃራ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ወላሂ መምህር፣ ጡረታው ጎድቶዎታል። ይኼ እኮ እኔ ስነቅለው የኖርኩት አረም ነው» አሉ። አደራ፣ ከብት እንዳይነካብኝ አልኳቸው። ከብት አይነካውም፣ በአላህ ይሁንብኝ አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ከብት አልነካውም።

በየሳምንቱ እየወጣሁ አየው ነበር። ጥቅምት ላይ ፍሬው ለምለም ሆኖ ሲንዠረገግ ልጅ የዳርኩ ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ ያ እሾህ መሸከሜ ወገቤን ያዘኝና ተኛሁ።

ኅዳር ላይ ሐያት ስትመጣ እንደምንም ተነስቼ አብሬያት ወጣሁ። አጥሩ ደህና ነው። በሩም በደንብ ተዘግቷል። ድጋፉም ቆሟል፣ ቀይ ክሩም አለ። አተሩ ላይ ግን አንዲት ፍሬ የለችም! መሬት ላይ የተፈለፈለ ቅርፊት ተበትኗል፤ እሱም በለጋነቱ ተቀጥፎ ጭምድድ ያለ ነው። ለምንም አይሆንም።

«እትዬ ዘሃራ!» ብዬ ጮህኩ። መጡ። ማን በላው? እሳቸውማ ምን ገዷቸው!

«እሸት ነዋ መምህር! የገበያ መንገደኛ ቀመሰው። እኔም ቀምሻለሁ፣ ትንሽ ይመራል እንጂ ደህና ነው።»

«አረም ነው አላሉኝም?»

«አረም ማን ያጥራል? አጥረው፣ ኮትኩተው፣ ድጋፍ አቁመውለት! የመምህሩ እሸት ነው፣ ቅመሱ እያልኩ በእርስዎ ስም ጋበዝኩልዎ። ስንቱ እንደመረቀዎ ቢሰሙ!»

መንገደኛ እፍኝ እሸት ቢቀጥፍ ሌባ አይባል፤ እሸት የከለከለ ነው እንጂ በአገራችን ስሙ የሚነሳው። እኔ ራሴ በሰው ማሳ ስንት ጊዜ ፈልፍያለሁ! በልተው ሲያበቁ ደግሞ በሩን ዘግተውልኝ ሄደዋል። እንዲህ ያለ ጨዋ ሕዝብ ላይ በምን አፌ ልቆጣ?

ሐያት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ፣ «ይሁን ቲቸር፣ ምንም አይደል» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ዘሃራ የልጅቱን ፊት አይተው ደነገጡ። ምን ሆና ነው አሉ። የአተሩን ደረቅ ፍሬ ፈልጋ ከሩቅ መምጣቷን ነገርኳቸው።

«አጃኢብ! የአረሙን ፍሬ ነው? ታዲያ ይኼን ብቻ ጠብቂ አሉኝ እንጂ፣ ሌላ አለ ወይ ብለው መቼ ጠየቁኝ?»

ከቋጥኙ ጀርባ ወሰዱን። ከማሳቸው ለቅመው የከመሩት የድንጋይ ክምር ላይ ያው አተር እንዳለ ወጥቶበታል። አጥር የለው፣ ድጋፍ የለው፣ የነካውም የለ። ፍሬው ጠቁሮ ደርቆ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ጧ እያለ ይፈነዳል። ማን አረም ይበላል? ሐያት እልል ለማለት ምንም አልቀራትም። እትዬ ዘሃራን አቅፋ ሳመቻቸው። እኔም ወገቤን ረስቼ መልቀም ጀመርኩ።

ከዚያ የዕፅዋት መመዝገቢያ ወረቀቷን አውጥታ እዚያው መሙላት ያዘች። ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ። በአካባቢው መጠሪያው ማን ነው ስትል እትዬ ዘሃራ ቀደሙኝ፤ «ዱሮስ ስምም አልነበረው፣ ዘንድሮ መንገደኛው ሁሉ የመምህሩ አተር ይለዋል» አሉ። ኩራቴን አትጠይቁኝ።

ጥቅሙ የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። ያችን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ ከክፍል ያስወጣኋት ቀን የነበረችው ናት። አንገቴን አስግጌ አነበብኩት። «ከታጠረ ይበላል» ይላል።