የእገሌን ማንነት ለመወሰን የተጠራ ስብሰባ

ቀን፦ ሰኔ 14 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡00
ቦታ፦ ዋግ አውራጃ፣ ሰቆጣ አጠገብ፣ የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ ጣሪያው በማያፈስበት በኩል

የተገኙ፦
ጓድ ምንዋጋው፣ ሊቀመንበር
ጓድ ዓብዱልቃድር፣ ገንዘብ ያዥ
ጓድ አሥራተ ማርያም፣ ጸሐፊ
በአስረጂነት፦ ጓድ ተስፋው፣ ከአዲስ አበባ የመጡ የስታቲስቲክስ ባለሙያ
በአመልካችነት፦ ወ/ሮ ጥሩሐረግ
በተከሳሽነት፦ የወ/ሮ ጥሩሐረግ በሬ (ውጭ ታስሮ)

ከአምስቱ አባላት ሁለቱ እርሻ ላይ ስለዋሉ፣ የቀሩት ሦስቱ ምልዓተ ጉባኤ መሆናቸውን ለራሳቸው አረጋገጡ።

አጀንዳ 1፦ ወረቀት ስለ መቆጠብ

ውሳኔ በተለወጠ ቁጥር ስም እየተሰረዘ ወረቀት ስላለቀ፣ ጓድ ተስፋው መላ እንዲፈልጉ ተጠየቁ። እሳቸውም በኮምፒዩተር የስታቲስቲክስ ቋንቋ ማክሮ የሚባል ነገር እንዳለ ገለጹ። ይኸውም በስም ፋንታ እገሌ ብሎ ጽፎ፣ «ይህ ከሆነ እገሌ ማለት አቶ ሀ፣ ካልሆነ አቶ ለ» ብሎ አንድ ጊዜ ማዘዝ ነው። ማሽኑ እገሌ በተጻፈበት ሁሉ ስሙን ይተካል፤ ማንነቱ ካልተነገረው ግን እገሌን እንዳለ ይተወዋል። ማሽኑ የት አለ ሲባሉ፣ አዲስ አበባ ነው አሉ። እስኪመጣ ድረስ ጸሐፊው ማሽን እንዲሆን ተወሰነ። ጸሐፊው ተቃውሟል፤ ተቃውሞውንም ራሱ መዝግቦታል።

አጀንዳ 2፦ የማኅበሩን ድርቆሽ ስለበላው በሬ

ወ/ሮ ጥሩሐረግ «ዝናቡ ገብቷል፤ ያለኝ አንድ በሬ እሱ ነው። ካላሳረስኩ ልጆቼን ምን ላብላ?» ሲሉ አመለከቱ። ለእንባቸው አጀንዳ ስላልተያዘ ታለፈ። በሬው ተወርሶ ለእገሌ እንዲሰጥ ተወሰነ። እገሌ ማን ይሁን በሚለው ላይ ብዙ ከተጮኸ በኋላ፣ ሊቀመንበሩ በስብሰባው ውስጥ ካሉ ሊቀመንበሩ፣ ከሌሉ ገንዘብ ያዡ እንዲሆን ተስማሙ።

ጓድ ዓብዱልቃድር ወዲያው ሊቀመንበሩ ወጣ ብለው ትንሽ ነፋስ ቢቀበሉ እንደሚሻላቸው አሳሰቡ። ሊቀመንበሩ ነፋስ እንደማያስፈልጋቸው ገለጹ። ሻይ ተጋበዙ፤ ጠጡ። ተደገመላቸው፤ ጠጡ። ሽንት ቤት ግን አልሄዱም።

አጀንዳ 3፦ ወደ ጽጽቃ ስለሚወስደው መንገድ

ክረምቱን ሙሉ ከመንገዱ ላይ ድንጋይ የሚለቅም ፈቃደኛ ስላልተገኘ፣ ለጊዜው «እገሌ ይልቀም፤ ስንቁንም ራሱ ይቻል» ተብሎ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ጸሐፊው ማሽን እንደ መሆኑ ስሙን ተክቶ አነበበ፦ በሬው ለጓድ ምንዋጋው ይሰጥ፤ ድንጋዩን ጓድ ምንዋጋው ይልቀም። (ማሽኑ በዚህ ጊዜ ደስ ብሎታል።) ሊቀመንበሩ ሽንታቸው በድንገት እንደ መጣ አመለከቱ። እሳቸው ከወጡ ድንጋዩ ወደ ማን እንደሚዞር የገባቸው ጓድ ዓብዱልቃድር የሊቀመንበሩን ካፖርት ይዘው «ኧረ ያለ እርስዎ ስብሰባው አይደምቅም!» አሉ። ካፖርቱ ተቀደደ። በሬውን ለአንዱ፣ ድንጋዩን ለሌላው ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጓድ ተስፋው ተጠይቀው፣ እገሌ አንድ ነው ሲሉ መለሱ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ሊቀመንበሩ አንድ እግራቸውን ደጅ፣ አንድ እግራቸውን ቤት አድርገው እንደቆሙ፣ እገሌ ማንም እንዳይሆን፣ ዛሬ የተወሰነውም ሁሉ እንዲሻር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ወ/ሮ ጥሩሐረግ «ሁሉም?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ተባሉ። እጅ ነስተው ወጡ።

ስብሰባው ከቀኑ 9፡30 ተበተነ። ውጭ ችካሉ እንጂ በሬው አልነበረም። በሬውን የወሰደው ሰው ስም በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ሊቀመንበሩ አዘዙ። ሰፍሯል፦ እገሌ።