ሰበቃ የሌለበት ቁልቁለት

ፊዚክስ ጀማሪ ሲያገኝ ለጋብቻ እንደተላከ ሽማግሌ ነው፤ የልጁን ጉድ አያነሳም። መንገዱ ልሙጥ፣ ነፋሱ የሌለ፣ መኪናው ሾፌር አልባ ነጥብ። «ሰበቃን ችላ በሉ» ይላል መጽሐፉ፤ ነገር ከነገር ሲፋተግ አይያዝም፣ አይግልም እንበል ነው። እዚህ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ፣ መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ በቆመበት ክፍል ውስጥ «ሙቀት አይገባም፣ አይወጣም እንበል» ብዬ ሳስተምር እንኳ የሚስቅ የለም፤ ፈተና ላይ ይመጣላ። አበው «የናቁት ያስረግዛል» ያሉት እኛን አይመለከትም ብለን አልፈናል።

ጉዱ የሚወጣው ከፍ ሲሉ ነው። ከፍ ያለው ኮርስ ያን ችላ ያልነውን ሁሉ አንድ በአንድ መልሶ ያመጣዋል፤ ሰበቃውን፣ ነፋሱን፣ የጋለውን ብረት። ሂሳቡም አልፈታ ይላል። ታዲያ በመጀመሪያ ዓመት አዳራሽ የሞላው ተማሪ እዚህ ሲደረስ የት እንደገባ አይታወቅም። ግማሹ አካውንቲንግ ገብቷል፣ ግማሹ ሎጊያ ወርዶ ደላላ ሆኗል። አልፈርድበትም።

ዘሃራ ግን ቀረች። ሚሌ ላይ ሱቅ ያላቸው የወሎ ሰው ልጅ ናት። በመጀመሪያ ዓመት፣ ቁልቁለት ስለሚወርድ የጭነት መኪና ጥያቄ ጽፌ ሰበቃውን ተዉት ስል እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ወንድሜ ሾፌር ነበር። ከባቲ ወዲህ ሲወርድ ፍሬኑ ግሎ እምቢ አለው። ወላሂ፣ የሞተው በዚህ ተዉት ባሉን ነገር ነው።»

የፍሬን ሙቀት የት እንደሚሄድ ከፍ ባለው ኮርስ ይሰላል፣ ትደርሺበታለሽ አልኳት። አመነችኝ፤ ጠበቀች።

ኮርሱ ሲደርስ የተመዘገበችው እሷ ብቻ ሆነች። ለአንዷም ቢሆን ላስተምር ብዬ የትምህርት ክፍል ኃላፊያችንን ለመንኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም የፊዚክስ ሰው ነው። አዝኖ አየኝና፣

«አንድ ተማሪ እኮ ችላ የሚባል ቁጥር ነው» አለኝ።

ኮርሱ ሳይከፈት ቀረ፤ ዘሃራም አሁን ሚሌ አባቷ ሱቅ ውስጥ ናት። በዚያ ሳልፍ ጎራ እላለሁ። ከባቲ በኩል የመጣ መኪና ፍሬን ሲይዝ ወሬዋን ታቋርጣለች፣ ከቆመ በኋላ ትቀጥላለች። ስለ ኮርሱ አንስታብኝ አታውቅም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰሞኑን አዲሶቹ ገቡ፤ አዳራሹ ጢም ብሏል። ሰሌዳው ላይ ቁልቁለቱን ሳልኩ፣ መኪናውን ሳልኩ። እጅ የሚያወጣ ካለ ብዬ ዞሬ ትንሽ ጠበቅሁ። ሁሉም አቀርቅሯል።

«ሰበቃን ችላ በሉ» አልኳቸው።

ሁሉም ጻፉ።