ብራዚልን ያካለለው ጎረቤቴ

የሰው አገር ወሰን የሚያካልል ጎረቤት አላችሁ? የእኔው ሰይድ ሽንኩርቱን ውኃ አጠጥቶ ሲመለስ ስልኩ ላይ ካርታ ይከፍትና የሩቅ አገር ክፍለ ሀገሮችን በጣቱ እንደ አዲስ ይከፋፍላል። የእኛን ካልነካ ምን ቸገረኝ ብዬ ነበር፤ ሞኝነቴ።

ባለፈው እትዬ ዘሃራ ሻይ ቤት ብራዚልን ለሁለት ከፈላት። ከጀውሃ የመጣ ሹፌር የሰይድን ስልክ አየና፣ «ወንዙን ለምን ለሰሜኖቹ ሰጠህ?» አለው። ብራዚልን ከመካከላችን ማን አይቷት? ግን ድንበር ተገፋ ከተባለ ማን ይቀመጣል? ቤቱ በሙሉ ተነሣ፤ ግማሹ ሰሜን፣ ግማሹ ደቡብ ሆነ።

ይኸው እስከ ዛሬ በር ላይ የሚቀመጡት ሰሜኖች ጓዳ በኩል ካሉት ደቡቦች ጋር ሰላምታ የላቸውም። ትናንት መሃል ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ዘሃራ ሻዬን ይዘው መጡና፣ «አንተ የየትኛው ነህ?» አሉኝ።

«የሸዋ ሮቢት ነኝ፣ እትዬ።»

«እሱ ካርታው ላይ የለም» አሉና ሻዩን ይዘው ተመለሱ።