መስኮት የታዘዘላት ፍየል

ሰው ሁሉ የሚፈራው ነገር አለው። አንዱ ጅብ ይፈራል፣ አንዱ ዳኛ ይፈራል፤ እኛ መስኮት እንፈራለን። አታምኑኝ እንደሆነ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚኒባስ ተሳፈሩ። ሾፌሩ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ስልክ ሲያወራ ማንም ትንፍሽ አይልም፤ አንድ ተሳፋሪ ግን መስኮቱን የጣት ስፋት ያህል ቢከፍት መኪናው ሙሉ ሰው ባንድ ድምፅ፣ «ኧረ ዝጋው! ብርድ ልታስመታን ነው?» ይላል። ገደል ይሻላል። ከገደል የተረፈ ሰው አለ።

እኔም ከምእመናኑ አንዱ ነኝ። ስለዚህ አማቴ እማማ ጥሩዬ ጠበል ሊጠመቁ ሲሄዱ፣ ልትወልድ የደረሰች ፍየላቸውን ሸጊትን ከማንኩሳ አምጥተው «አደራ ልጄ!» ብለው ሲያስረክቡኝ መጀመሪያ ያደረግሁት የዕቃ ቤቱን መስኮት መድፈን ነበር። ልጆቻቸው ሁሉ አግብተው ከወጡ ወዲህ እማማ ጥሩዬ የሆዳቸውን የሚያጫውቱት ሸጊትን ነው። አደራ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ሌባ ተብሎም ይኖራል፤ አደራ በላ የተባለን ግን ሰንበቴ እንኳ የሚያስጠጋው የለም። ያውም የሚስቱን እናት አደራ!

ጥቂት ቀን እንደሰነበተች ሸጊት ሳል ጀመራት። ነገር ሊከፍት ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ «እህ፣ እህ» ትላለች። አፍንጫዋ ፈሰሰ፤ ምግብም እምቢ አለች።

«ብርድ የሚገባበት ቀዳዳ አለ» አልሁ፤ ፈልጌም የቁልፉን ቀዳዳ በጨርቅ ወተፍሁት። ሚስቴ በመስኮቱ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ደረበች። ለበሽተኛዋ ጋቢዬን አለበስኋት። ጎረቤታችን ጋሽ ጫኔ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልተው በእንፋሎት አጠኗት። ጠያቂውማ ጎረፈ! ሸጊት በሳለች ቁጥር ሁሉም «ይማርሽ» ይላል፤ ሲወጣም በሩን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋላታል።

ሸጊት ባሰባት።

ጭንቀቱ ሲጠናብኝ የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ። የመጣችው ወጣት ሴት ናት። ገና ከደጃፉ እሷንም ሳል ያዛት፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ክፍል አድረው ያውቃሉ?»

«እኔማ ምን በወጣኝ! ይሸታል እኮ!»

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። የሸጊትን ደረት አዳመጠች፣ ትኩሳቷን ለካች። «ሳንባዋ ታሟል። የሽንቷ ትነትና ይሄ የታፈነ አየር ደግሞ አባብሶባታል። መርፌውን እኔ እወጋለሁ፤ መስኮቱን ግን እርስዎ ይክፈቱ። ጉዝጓዟንም ደረቅ ያድርጉላት።»

«ብርዱስ?»

«ጋሼ፣ ፍየል ካፖርቷን ለብሳ ነው የምትወለድ።»

አማትቤ ከፈትሁት። ጋሽ ጫኔ በአጥር አሻግረው አዩና፣ «እንግዲህ ለአማትህ የምትለውን ካሁኑ አሰናዳ» አሉኝ። እኔም ማሰናዳት ጀመርሁ። ሳልጨርስ የሸጊት ሳል ቀለል አለ፤ ከዚያም አንድ ማለዳ ሸጊት የጋቢዬን ጥለት ስትበላ ተገኘች። ጋቢ ተበልቶ እልል የተባለው እኛ ቤት ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ብዙም ሳትቆይ ሁለት ግልገል ወለደች።

እማማ ጥሩዬ ተመልሰው ግልገሎቹን ሲያዩ መርቀው አልጠግብ አሉ። ቀጥሎ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ አረፈ። «ውይ! አራሷን በነፋስ?»

«ሐኪም አዞላት ነው፣ እማማ።»

«እንግዲህ ሐኪም ካለ...» አሉ፤ ፊታቸው ግን ገና አልተስማማም።

ቡሬ ጉዳይ ነበረኝና እግረ መንገዴን እስከ ማንኩሳ ልሸኛቸው አብረን ተሳፈርን። ረዳቱ ሸጊትን ጣራ ላይ ልጫን ሲል እማማ ጥሩዬ፣ «አራስ ጣራ ላይ? ያንተንም እናት እንዲህ ነው የጫኗት?» ብለው አፉን አስያዙት። ሸጊትም ከነግልገሎቿ ከእግራችን ሥር ተኛች። እኔም መስኮቱን ከፈትሁ።

«ዝጋው!» አለ መኪናው።

«ለእኔ አይደለም፤ ለፍየሏ ነው። ሳንባዋን ታማ ሐኪም መስኮት አዞላታል።»

ከኋላ አንድ አዛውንት፣ «ለታመመማ ምን ይደረጋል! ትንሽ ጨምርላት» አሉ። ጨመርሁላት። ሁሉም ጋቢና ነጠላውን ተከናንቦ፣ ስለ ሸጊት ሲል በነፋስ ተጓዘ። ያን ቀን አንድ ሰው እንኳ አላስመለሰውም፤ ጨዋታውም እንደ ሠርግ ደመቀ። እማማ ጥሩዬም በመስኮቱ በኩል ፊታቸውን አውጥተው ሲስቁ አየኋቸው።

ማንኩሳ ላይ አራሷ ከነግልገሎቿ፣ ከነባለቤቷ፣ በምርቃት ወረደች። መኪናው ገና ሲንቀሳቀስ እኚያው አዛውንት፣ «በሉ እንግዲህ፣ በሽተኛዋ ወርዳለች!» አሉ።

መስኮቱን ቀድሞ የዘጋው የማን እጅ እንደሆነ አትጠይቁኝ። እኔ እኮ ካፖርት ለብሼ አልተወለድሁም።